የእማማ ብዙነሽ ጣትና የማቴ ቁርጭምጭሚት

ባለፈው ሳምንት ጉልበቴን አሞኝ ከመድኃኒት ቤት ቅባት ገዛሁ። ክዳኑን ስከፍተው የባህር ዛፍ ሽታ ፊቴን መታኝ። ሻጯ ጧትና ማታ ተቀባው ብላኝ ነበር፤ እኔ ግን ቱቦውን አፍንጫዬ ሥር እንደያዝኩ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ሽታው ሙሉ አልነበረም። የሞቀ የኑግ ዘይት ይጎድለዋል፤ እርጥብ ጭቃ ይጎድለዋል፤ የልጆች ላብም ይጎድለዋል። የጎደለውን በሐሳቤ እየጨመርኩ ስሄድ ሳላስበው ጉለሌ፣ እማማ ብዙነሽ ግቢ ገባሁ።

እማማ ብዙነሽ የሰፈራችን ወጌሻ ነበሩ። ከሽሮ ሜዳ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ወንዙ ዳር ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። እግሩ ወለም ያለው፣ ትከሻው የወለቀበት፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ ስትወርድ ወገቧ የተቀጨባት፣ ሁሉም እሳቸው በር ላይ ይሰለፋል። ዘይት ከቀበሌ ሱቅ በራሽን የሚታደልበት ጊዜ ስለነበር የሚታሽ ሰው ዘይቱን በብልቃጥ ይዞ ነው የሚመጣው። እሳቸው ዘይቱን ከባህር ዛፍ ቅጠል ጋር ያሞቁትና፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጣታቸውን አጥንት ላይ ቀስ እያደረጉ ይወስዱታል። ትልልቆቹ እንደሳቸው ያለ እጅ የለም ይሉ ነበር። እኛ ልጆቹ ደግሞ ከዚያም አልፈን፣ የእማማ ጣት የነካውን ሰው ጉድ ሁሉ ያውቃል ብለን እናምን ነበር።

ለእምነታችን ማስረጃም ነበረን። የኳስ ቡድናችን በረኛ ከድር፣ የባለሱቁ ልጅ፣ አንድ ቀን ክንዱ ወልቆ እሳቸው ዘንድ ሄደ። ከደረጃ ወደቅሁ አላቸው። እማማ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ክንዱን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና “አንተ ዛፍ ላይ ነበርክ” አሉት። እውነትም የወደቀው ከባህር ዛፍ ላይ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ከድር በደጃቸው ሲያልፍ ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ይከት ነበር።

እኔ ያን ክረምት አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ስሜ ብርሃኑ ቢሆንም እናቴ ጥያቄ ስለማበዛ “መርማሪው” ትለኛለች። ዘመኑ የደርግ ነውና አባቴ አንድ ቀን መስኮቱን ዘጋና “ያን ቃል እቤቴ ውስጥ እንዳልሰማ” አላት። ለምን እንደሆነ ብጠይቅ ሁለቱም ምሳቸው ላይ አቀረቀሩ። እኔ ግን መጠየቄን አልተውኩም። ጉንዳን ዝናብ ሲዘንብ የት ይገባል? የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ውስጥ ያለው ሰውዬ ውኃ አይጠማውም? እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሰው አደክም ነበር።

ቀበሌያችን የልጆች የኳስ ቡድን ነበረው። እኔ ደግሞ አምበሉ ነበርኩ። ይህን ስናገር ዛሬም ደረቴ ትንሽ ነፋ ይላል፤ ግን እውነቱን ማውጣት ካለብኝ አምበልነቱን ያገኘሁት በችሎታ አይደለም፤ በጥርስ ነው። ልምምድ ላይ አንዱ ልጅ በክርኑ አፌን መታኝና የጎን ጥርሴ ወልቆ መዳፌ ላይ ወደቀ። የጥርስ ሥር ያን ያህል ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር። ደሜን እየዋጥኩ፣ ጥርሱን እያገላበጥኩ ሳይ ማልቀሱን ረሳሁት። አሰልጣኛችን ከዳር ሆኖ ይህን አየና “ይሄ ልጅ ብረት ነው” አለ። በሚቀጥለው ሳምንት የአምበልነቱን ጨርቅ ክንዴ ላይ አሰረልኝ።

አሰልጣኛችን ሰለሞን ይባላል፤ ሃያ ምናምን ዓመት የሚሆነው፣ በቀበሌው የወጣቶች ማኅበር ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው። “ጋሼ” ስንለው የአድኃሪ አጠራር ነው ብሎ “ጓድ” በሉኝ ይለን ነበር። የክንዴን ጨርቅ የቀደደው ካረጀ የመፈክር ጨርቅ ነው። ቀይ ሆኖ “ሸን” የሚል ጽሑፍ ቀርቶበታል። ከምን ቃል እንደተረፈ ጠይቄው “ዝም ብለህ እሰረው” አለኝ። ከጨርቁ ጋር አንድ ሕግም ሰጠኝ። “አምበል አያለቅስም። አምበል ካለቀሰ ቡድኑ አለቀለት።”

ሕጉን ለመጠበቅ አልተቸገርኩም፤ የሚያስለቅስ ነገር እስኪመጣ ድረስ።

በቡድኑ ውስጥ ከሁሉ የምወደው ማቴን ነበር። ማቴዎስ የሸማኔው የጋሽ ዳና ልጅ ነው፤ በግራ ክንፍ የሚጫወት፣ ቀጭን፣ ብዙ የማይናገር። አባቱ ቤት ውስጥ ሁለት የሽመና ጉድጓድ አለ። አንዱ ላይ ጋሽ ዳና፣ ሌላው ላይ ማቴ ይቀመጣሉ። እጃቸው መወርወሪያውን ከወዲያ ወዲህ ሲልክ እግራቸው ጉድጓዱ ውስጥ ገመዶቹን ይረግጣል። ክረምቱ ላይ ማቴ ጧት ይሸምናል፤ ከሰዓት ይጫወታል። እግሩ እንዲያ የፈጠነው ገመዱን ሲረግጥ ስለሚውል ነው ብዬ አስቤ አንድ ቀን አስወጥቼው እሱ ቦታ ገባሁ። ሦስት ክር በጥሼ ወጣሁ። ጋሽ ዳና ቀና ብለው ሳይቆጡ “አንተ ኳስህን ተጫወት” አሉኝ።

ያን ክረምት የቀበሌዎች ውድድር ነበር። አሸናፊው እውነተኛ የቆዳ ኳስና ማሊያ ይሸለማል ተብሏል። እኛ እስከዚያ ድረስ በየካናቴራችን፣ ግማሻችን በባዶ እግር፣ ግማሻችን በኮንጎ ጫማ ነበር የምንጫወተው። ሜዳችን ተዳፋት ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ መሐሉን ሰንጥቆት ያልፋል፤ ከላይ ወደ ታች የሚያጠቃ ቡድን እንደማሸነፍ ይቆጠርለታል። የግማሽ ፍጻሜው ዕለት ሁለተኛውን አጋማሽ ከላይ ወደ ታች ደረሰን። አንድ ለአንድ ነን። ተቀያሪዎቻችን ሁለቱም ለክረምት ገጠር ዘመድ ጥየቃ ሄደዋል፤ አንድ ሰው ከወጣ በአሥር ነው የምንጨርሰው።

ማቴ ኳሷን ይዞ ጎርፉን ሲዘል አንድ ድብልብል ተከላካይ ከጎን ገባበት። ሁለቱም ጭቃው ውስጥ ወደቁ። ዳኛው ፊሽካ ነፋ። እኔ ቅርብ ስለነበርኩ ድምፁን ሰማሁት። ጭራሮ ጉልበት ላይ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነው፤ አጭርና ደረቅ። መጀመሪያ የተሰማኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጉጉት ነበር። ከሰው ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ ይወጣል እንዴ?

ማቴ ፊቱ አመድ መስሏል። ጎንበስ ስል በሹክሹክታ፣

“ብርሃኑ፣ ቋ አለ። ሰምተሃል?” አለኝ።

ቀና ብዬ ወደ ዳር አየሁ። ጓድ ሰለሞን ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ወደኛ ያያል። የቆዳው ኳስ ታየኝ። ማሊያው ታየኝ።

“ወለምታ ነው። ተነስ” አልኩት።

“አልችልም መሰለኝ።”

“ትችላለህ። ቋ ማለቱን ለማንም እንዳትናገር። ካወቁ ለፍጻሜው አያሰልፉህም።”

አንድ እግር ካልሲዬን አወለቅሁና ቁርጭምጭሚቱን ከላይ ጠፍሬ አሰርኩለት። ማቴ ትከሻዬን ይዞ ተነሳ። አምበሉ ትችላለህ ስላለው ተነሳ፤ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። እያነከሰ ጥቂት ከቆየ በኋላ በዚያው በታመመ እግሩ ቆሞ በደህናው አሻማ። ኳሷ እኔ ግንባር ላይ መጣች። ጎሉን ያገባሁት እኔ ነኝ።

ጨዋታው ሲያልቅ ልጆቹ ማቴንም እኔንም ተሸክመው ጨፈሩ። ሲያወርዱት ግን መቆም አቃተው። ኮንጎውን ልናወልቅለት ብንጎትት እግሩ አብጦ ውስጡ ተወጥሯል፤ በቢላ ተቀደደ። ጓድ ሰለሞን አዝሎት እማማ ብዙነሽ ዘንድ ወሰደው፤ እኛም ተከተልን። እኔ በመንገድ ላይ እቤት ገብቼ፣ እናቴን ሳላስፈቅድ፣ ከራሽን ዘይታችን በብልቃጥ ቀዳሁ።

እማማ ማቴን ቁርበቱ ላይ አስቀመጡትና እግሩን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። ዳሰሱት። ፊታቸው ተኮማተረ።

“አብጧል፤ እብጠቱ አያስነካም። ሲወድቅ አጠገቡ ማን ነበር?”

ሁሉም ወደኔ ዞረ።

“አንተ ነህ? እስቲ ንገረኝ ልጄ፤ ሲወድቅ ድምፅ ሰምተሃል? ቋ ነገር?”

ማቴ አየኝ። ተናገር አላለኝም፤ አትናገር አላለኝም። ምን እንደምል ብቻ ይጠብቃል። ጓድ ሰለሞን በሩ ላይ ቆሟል።

“አልሰማሁም” አልኩ።

ይህን ስል ምን እያሰብኩ እንደነበር መናገር አለብኝ፤ አለዚያ ከነበርኩት በላይ ክፉ እመስላለሁ። የእማማ ጣት የሆነውን ሁሉ ያውቃል ብዬ ከልቤ አምን ነበር። ስለዚህ ውሸቴ ለጓድ ሰለሞን ነው እንጂ ለእሳቸው አይደለም። እሳቸውማ አሁን ዓይናቸውን ጨፍነው ይነኩታል፤ ያገኙታል፤ “አንተ ውሸታም” ይሉኛል፤ የማቴ እግር በወጉ ይታሰርለታል፤ እኔም እገረፋለሁ። ጣታቸው ሲሄድ እያየሁ የምጋለጥበትን ሰዓት እጠብቅ ነበር።

“ድምፅ ከሌለው እንግዲህ ወለምታ ነው” አሉና የኔን ዘይት አሞቁ። ማሸት ጀመሩ። ማቴ የሸሚዙን ኮሌታ ነከሰ፤ ላቡ በአገጩ ላይ ይወርዳል። እማማ ጨርሰው በጨርቅ ጠቀለሉትና “በሦስት ቀን ቀስ እያለ ይርገጥበት” አሉ። እኔ ግራ ገባኝ። ጣታቸው አይቶ ምንም ካላገኘ ምንም የለም ማለት ነው፤ የሰማሁትም የእንጨት ድምፅ ይሆናል። እፎይ አልኩ። ያን እፎይታ ሳስታውስ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

በሦስተኛው ቀን ማቴን ልጠይቅ ሄድኩ። የጋሽ ዳና ቤት ስንጠጋው ቀድሞ የሚሰማው የሁለት መሸመኛ ድምፅ ነበር፤ አንዱ ሲመታ ሌላው ይመልስለታል። ያን ቀን አንዱ ብቻ ነው የሚመታው። ማቴ ግድግዳውን ተደግፎ ማግ ያጠነጥናል፤ እግሩ ብርድ ልብስ ተደርቦለታል። የተዘረጋው ድር ሳይሸመን ተቀምጧል። ለመስከረም የታዘዘ ጋቢ ነበር፤ ጋሽ ዳና ለብቻቸው አያደርሱትም። ማቴ ጧት ተነስቶ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ አንዴ ሲረግጥ ጮኾ ወጣ።

ብርድ ልብሱን ገለጥኩት። እግሩ ሐምራዊ፣ ዳር ዳሩን ቢጫ፣ ጣቶቹ ጋ ደግሞ አረንጓዴ ሆኗል። አረንጓዴ ሥጋ አይቼ አላውቅም፤ በጣቴ ነካሁት።

“እማማ አይተውት የለ?” አለ ማቴ ቀስ ብሎ፣ አባቱ እንዳይሰሙ።

“አይተውታል።”

“ቋ ማለቱንም?”

“የሳቸው ጣት ምን ይሳተዋል? ዝም ካሉ ደህና ነው ማለት ነው።”

“እኔም እንደዚያ ብያለሁ” አለና ማጉን ማጠንጠን ቀጠለ።

ሁለታችንም አመንን። እሱ እየታመመ አመነ፤ እኔ እያየሁት አመንኩ። ጓድ ሰለሞን ደግሞ ዕለት ዕለት “ማቴ ለፍጻሜው ይደርሳል በላቸው፤ ሞራላቸው እንዳይወድቅ” ይለኝ ነበር፤ እኔም ለቡድኑ እላለሁ። አምበል የሚያደርገው ይህ ይመስለኝ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ማቴ ትኩሳት ያዘው። እኔ መቼ እንደሚሻለው ልጠይቅ እማማ ብዙነሽ ዘንድ ወረድኩ። ከእንጦጦ እንጨት ስታወርድ አንሸራትቷት የወደቀች ሴትዮ ይዘዋል። በሩ ላይ ቆሜ ተራዬን ስጠብቅ እማማ ይጠይቃሉ፤ አያቋርጡም። በየት በኩል ወደቅሽ? እጅሽ ከሥር ነበር ከላይ? ሸክሙ ላይሽ ላይ ነበር? ስትነሺ ደነዘዘሽ? ድምፅ ነበረው? ሴትዮዋ እንደ ንስሐ አንድ በአንድ ትመልሳለች። ያን ሁሉ ከጠየቁ በኋላ ነው ዓይናቸውን የጨፈኑት።

ሴትዮዋ ስትወጣ ገባሁ።

“እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?”

“አንተ መቼ ሳትጠይቅ ቀርተህ ታውቃለህ?”

“ጣትዎ የሚያውቅ ከሆነ ለምን ይጠይቃሉ?”

እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ ነበር። ሳቁ።

“ጣት ምን ዓይን አለው ልጄ? ጣቴ የሚያገኘው ጆሮዬ የሰማውን ነው። ሰው ካልነገረኝ እኔም እንዳንተው ነኝ።”

“ከድር ዛፍ ላይ እንደነበረስ?”

“ሱሪው የባህር ዛፍ ልጣጭ ይዞ መጥቶ! እኔ ምን ልሁን፣ ዕውር?”

ስድስት ቀን። ስድስት ቀን ሙሉ ማንም አያውቅም ነበር ማለት ነው፤ ከኔ በቀር። ማቴም የሚያውቀውን እኔ አምበሉ ዝም በል ስላልኩት ዋጠው። እንባዬ መጣ። ልይዘው ሞከርኩ፤ የጓድ ሰለሞንን ሕግ አሰብኩ፤ ጥርሴ ወልቆ ያላለቀስኩት እኔ፣ ትንፋሼ እስኪቆራረጥ አለቀስኩ። በለቅሶው መሐል “ድምፅ ነበረው” አልኳቸው። “ሰምቼዋለሁ። ተነስ ያልኩት እኔ ነኝ። ያሰርኩትም እኔ ነኝ።”

እማማ አልመቱኝም፤ አልተሳደቡም። ፊታቸው ግን ጠቆረ። እጃቸውን እንኳን ሳያደርቁ ነጠላቸውን አነሱ።

“እያለቀስክ መሄድ ትችላለህ?”

“እችላለሁ።”

“እንግዲያው ና።”

ዳገቱን ተያያዝነው። አሮጊት እንዲያ ስትሮጥ አይቼ አላውቅም። እኔ ከኋላ ከኋላ እየተነፋረቅሁ እከተላለሁ፤ የሰፈሩ ልጆች በየአጥሩ ሥር ቆመው አምበላቸውን ያዩታል። በጣም አፍሬ ነበር፤ እግሬ ግን አልቆመም። ማልቀስና መሄድ አብረው እንደሚሆኑ ያወቅሁት እዚያ ዳገት ላይ ነው።

ጋሽ ዳና ጉድጓዳቸው ውስጥ ነበሩ። ስንገባ መሸመኛው ቆመ። እማማ ትንፋሻቸውን ሳይሰበስቡ “ንገራቸው” አሉኝ። ነገርኳቸው። ድምፁን፣ ካልሲውን፣ ዝም በል ማለቴን፣ ለእማማ መዋሸቴን። ቃሉ ሲወጣ ከማሰቡ ይልቅ አጭር ነበር። ጋሽ ዳና መወርወሪያውን በእጃቸው እንደያዙ አዩኝ፤ ከዚያ የተዘረጋውን ድር አዩት፤ ከዚያ ልጃቸውን። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

እማማ ተንበርክከው እግሩን ያዙ። አሁን ምን እንደሚፈልጉ ያውቃሉና ጣታቸው ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

“ይቺት። ስብራት ነው፤ እኔ ደግሞ አሸሁት። ጥፋቱ የዚህ ልጅ ብቻ አይደለም፤ እኔም እብጠቱ እስኪጎድል መታገሥ ነበረብኝ። አሁን ከኔ እጅ አልፏል። ሆስፒታል ሄዶ ራጅ ይነሳ።”

“አልሄድም” አለ ማቴ።

አባቱ በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር አሉት። ማቴ ራሱን ነቀነቀ። ለምን እንደሆነ እኔ ገባኝ። ከቤታቸው ጀርባ ከሰሜን ጦር ግንባር በአንድ እግሩ የተመለሰ ጎረቤት ነበረ፤ ጧት ጧት የክራንቹ ድምፅ በጓሮ ያልፋል። ሆስፒታል የገባ እግር እንዴት እንደሚወጣ ማቴ የሚያውቀው በዚያ ሰውዬ ነው።

“ይቆርጡታል” አለኝ ወደኔ ዞሮ። “ባለፈው ትችላለህ ብለኸኝ ነበር። አሁንስ ምን ትላለህ?”

አይቆርጡትም ልለው አፌን ከፈትኩ፤ ግን አላውቅም። እንደገና የማላውቀውን ነገር አውቃለሁ ልል ነው።

“አላውቅም ማቴ” አልኩት። “እኔም ፈርቻለሁ። ከሜዳው ጀምሮ ፈርቼ ነበር፤ ላንተ ሳይሆን ለማሊያው ፈርቼ። አሁን ላንተ ነው። አብሬህ እገባለሁ፤ ውጣ እስኪሉኝ ድረስ አልወጣም።”

ማቴ አየኝ። ከዚያ ለአባቱ እጁን ዘረጋ።

ጋሽ ዳና አዝለውት እስከ አስፋልቱ ወረዱ። ጓድ ሰለሞን መንገድ ላይ አገኘንና ጉዱን ሰማ፤ ታክሲ አስቆመ። ሆስፒታሉ ውስጥ ጋሽ ዳናና ልጃቸው ሲገቡ እኔም ልገባ ስል ነርሷ በር ላይ መለሰችኝ፤ ቃሌን እዚያው ሰበርኩ። ከጓድ ሰለሞን ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ሽታው የእማማን ቤት አይመስልም፤ ዲዲቲ ዲዲቲ ይሸታል። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ፣

“እኔም አይቼዋለሁ” አለ።

“ምኑን?”

“ሲያነክስ። አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የቀረው አልኩ ለራሴ። እኔ ትልቁ ሰውዬ እንደዚያ ካልኩ አንተ ምን ልትል ነበር?”

ቀና ብዬ አየሁት። እንባው በአፍንጫው ጎን ወርዶ ጺሙ ውስጥ ይገባል። ትልቅ ወንድ ሲያለቅስ ከዚያ በፊት በቅርብ አላየሁም ነበርና፣ ነውሬን አልደብቅም፣ አፍጥጬ አየሁት። ወንድ ሲያለቅስ ድምፁ ይጎረንናል ብዬ አስብ ነበር። ድምፅ የለውም።

ራጁ የማቴን አጥንት አሳየን። ቀጭኗ አጥንት ተሰብራ፣ ሲረገጥባትና ስትታሽ ከቦታዋ ፈቀቅ ብላለች። ሐኪሙ እንደማይቆረጥ ነገረን፤ እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ ይገጥም እንደሆነ ግን ቃል አልሰጠም። ያን ጥቁር ፎቶ መብራት ላይ ይዤ የሰው ውስጥ ነጭ መሆኑን ሳይ ለአፍታ ሁሉንም ረሳሁ፤ ጋሽ ዳና ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱት። ማቴ በጄሶ ተጠቅልሎ ወጣ።

ከፍጻሜው በፊት ባለው ቀን ጓድ ሰለሞን ቡድኑን ሜዳው ዳር ሰብስቦ፣ ለኔ የነገረኝን ለሁሉም ነገረ። ሲናገር ድምፁ ተሰበረ። ልጆቹ መሬት መሬት አዩ። እኔም ተነስቼ የራሴን ነገርኩ። ከዚያ ከድር፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ የወለቀው ክንዱ እስከ ዛሬ በቅጡ እንደማይዘረጋ፣ እንዳይቀይሩት ፈርቶ ዝም እንዳለ ተናገረ። አንዱ ጉልበቱን፣ አንዱ የማይላቀቀው ራስ ምታቱን አወጣ። በዚያች ሰዓት ቡድኑ የሚፈርስ መስሎኝ ነበር። አልፈረሰም። በማግስቱ ከድር ዳር ወጥቶ፣ በረኝነት የማያውቅ ልጅ ጎሉ ላይ ቆሞ ሦስት ለዜሮ ተሸነፍን፤ የቆዳውን ኳስ ሌሎች ወሰዱት።

የታዘዘው ጋቢ ለመስከረም አልደረሰም። ጋሽ ዳና ሌሊቱን በፋኖስ ሲሸምኑ ከረሙ። እኔም ከትምህርት መልስ እየሄድኩ ማግ አጠነጥንላቸው ነበር፤ ከመጀመሪያው ሳምንት በስተቀር ክር አልበጠስኩም። ስለ ጥፋቴ አንድም ቀን አላነሱብኝም፤ “አንተ ኳስህን ተጫወት” ብለውም ደግመው አላባረሩኝም።

ጄሶው የወጣው ኅዳር ገባ ሲል ነው። አጥንቱ ገጠመ፤ እንደ ድሮው ግን አልገጠመም። ማቴ መሸመኛውን መርገጥ ይችላል፤ መሮጥ ግን አልቻለም፤ ሲራመድ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል። ትምህርት ቤት በመጣበት የመጀመሪያ ቀን ስንመለስ አብረን ዳገቱን ወጣን። እኔ ሳላስበው እርምጃዬን አሳጠርኩ። እሱ ሲቆም እኔም ቆምኩ፤ ሲጀምር ጀመርኩ።

“ለምን ትዘገያለህ?” አለኝ።

“ደክሞኛል።”

ማቴ ቆመና ፊቴን አጠናው። ከዚያ ክረምት ወዲህ እንዲህ ትክ ብሎ አይቶኝ አያውቅም።

“አንተ መዋሸት አትችልም” አለ። “ያን ቀን ብቻ ነው የቻልከው።”

ደብተሩን ከብብቱ ወሰድኩለትና “የዘገየሁት ስለ እግርህ ነው” አልኩት፤ ቀስ ብለን ወጣን።